የሲስተር ክንድ

ነርስነት የተማርኩት ነገሌ ነው። ኮሌጃችን መጽሐፍና ነጭ ጋውን ነበረው እንጂ በሽተኛ አልነበረውም። በሽተኛው ያለው ሆስፒታሉ ዘንድ ነው። ሁለቱ ተስማሙና ተማሪዎች በየተራ ዋርድ እየገባን መለማመድ ጀመርን። በሽተኞቹን ግን ማንም አላማከራቸውም። "በእኛ ላይ አትማሩም" የሚለው ስሞታ በዛ፤ የሆስፒታሉ ሜዲካል ዳይሬክተር እንዲህ ከቀጠለ ተማሪ አልቀበልም አሉ። ሌላ ሆስፒታል በቅርብ የለም፤ ያለ ልምምድ ደግሞ መመረቅ የለም።

በዚያው ሰሞን ከአንድ የቦረና ሽማግሌ ለምርመራ ደም እንድቀዳ ታዘዝኩ። ሲሪንጁን እንዳዩ ክንዳቸውን ብርድ ልብስ ውስጥ ከተቱት።

"ሂንታኡ፣ አይሆንም። ይቺ ገና ተማሪ ናት።"

የዋርዱ ኃላፊ ሲስተር ሰማች። ቁጣዋን ስለማውቀው ከነሲሪንጄ የምታባርረኝ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን አጠገባቸው ቁጭ አለች።

"አካም አባቴ፣ ናጋ? ከብቱስ ደህና ነው? ዝናብ ጣለላችሁ?"

እሳቸው ሁሉንም እስኪመልሱ ታገሰች። ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ክንዷን በጎማ አስራ ዘረጋችልኝ።

"መጀመሪያ ከእኔ ቅጂ።"

ወጋኋት፤ ደም ስሩን ሳትኩት። ደግሜ ስወጋ ደሙ መጣ። ሲስተር ዐይኗን እንኳ ሳትጨፍን ወደ ሽማግሌው ዞረች።

"አዩ አባቴ? ምንም አያምም።"

ሽማግሌው ግን የሚያዩት ፊቷን አልነበረም። ነጠላ ጫማ ነበር ያደረገችው።

"የእግርሽ ጣቶች ሲጨማደዱ አይቻለሁ፤ አሞሻል" አሉ። "ለዚች ልጅ ብለሽ ከዋሸሽ ግን እኔም እችለዋለሁ።"

ክንዳቸው ከብርድ ልብሱ ወጣ። አዲስ መርፌ አመጣሁ፤ እሳቸውን አልሳትኳቸውም።

ወሬው በዋርዱ ሁሉ ተዳረሰ፤ በእግር ጣቶቿ ያሾፍንባት ግን እኛው ተማሪዎቹ ብቻ ነን። ስሞታው እየቀነሰ መጣ፣ ዳይሬክተሩም ዝም አሉ፣ እኛም ተመረቅን። በኮሌጁና በሆስፒታሉ መካከል የነበረውን ስምምነት የፈረሙት አለቆች ናቸው። ሳይፈርስ ያቆየችው ግን እሷ ናት፤ በሕይወቴ እንደ እሷ ያደነቅኩት ሰው የለም።

ዛሬ ሞያሌ የዋርድ ኃላፊ ነኝ፤ ተማሪዎች ይላኩልኛል። በሽተኛ እምቢ ሲል እጅጌዬን እሰበስባለሁ፤ "ምንም አያምም" እላለሁ። ተማሪዎች በሚመጡበት ቀን የማደርገው ግን ሽፍን ጫማ ነው።