ባና የለበሰችው ኮምፒውተር

ታላቅ ወንድሜ ኮምፒውተሬን እስከ ምን ድረስ እንደምትጋልብ ካልፈተንኩ ብሎ የተነሳ ቀን ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የሱ አይደለችም እኮ! መንዝ ውስጥ ዘመሮ ገበያ ዳር በከፈትኳት ጠባብ ክፍል ማመልከቻና የሠርግ ጥሪ የምጽፍባት እንጀራዬ ናት። እሱ አዲስ አበባ ኮምፒውተር ይጠግናል፤ ለፋሲካ መጥቶ ነው።

"አቅም እያላት ተኝታለች፤ ሁሉን የሚያሠራው ዋና ሰሌዳዋ፣ ማዘርቦርዷ፣ ፋብሪካው ከወሰነለት በላይ መሮጥ ይችላል" አለኝ። "አዲስ አበባ ቶሎ ይግልብኛል። የመንዝ ብርድ ግን የነጻ ማቀዝቀዣ ነው።"

የጎን ክዳኗን ፈታ፤ መስኮቱን ወለል አድርጎ ከፍቶ የጓሳን ተራራ ንፋስ ለቀቀባት። ፍጥነቱን ትንሽ ይጨምራል፣ ይፈትናል፣ ሙቀቷን ያያል፣ ደግሞ ይጨምራል። በመጨረሻ ከመጠን በላይ ስትግል ራሷን የምታጠፋበትን መከላከያ ዘጋው።

"እሱን ለምን?" አልኩት።

"እሱ የፈሪ ነው።"

የመጨረሻው ፈተና ሁለት ሰዓት ይፈጃል ብሎ ጓደኞቹ ጋ ጠላ ሊጠጣ ሄደ። እኔም እናታችንን ሱቁን እንድትጠብቅ አስቀምጬ ወረቀት ልገዛ ወጣሁ። ለሷ ስለ ፈተናው ማንም አልነገራትም።

እናቴ ብርድ ምን እንደሆነ ጠንቅቃ ታውቃለች። ኮምፒውተሯ ጎኗ ተከፍቶ፣ ንፋስ እየገባባት፣ ፋኗ ሲያጓራ ብታይ አዘነችላት። መስኮቱን ዘጋች፤ ከበግ ጸጉር ራሷ የፈተለችውን ወፍራም ባና ከትከሻዋ አውርዳ አለበሰቻት።

ስንመለስ ቤቱ የተቃጠለ ጸጉርና ፕላስቲክ ይሸታል። ማዘርቦርዷ ጠቁሯል።

"አቃጠልሻት! ኮምፒውተር በባና ይሸፈናል?" ብሎ ወንድሜ ጮኸባት፣ ያውም ደንበኞች ፊት። ሰው ሳቀ። እሷ ባናዋን አጣጥፋ ወጣች።

ዓይን አውጣ! መከላከያውን የዘጋ ማን ነው? አንዲት ቃል ሳይናገር ጥሏት የሄደስ? ይህን ሁሉ በሆዴ እንጂ በአፌ አላልኩትም። ታላቄ ነው፤ ሌላ ማዘርቦርድ የሚልክልኝም እሱ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ እኔም ማታ ቤት ገብቼ እናቴን "ምን ነካሽ?" አልኳት።

ማዘርቦርዱ መጣ፤ ሥራዬም ቀጠለ። እናቴ ግን ከዚያ ወዲህ የሱቄን ደጃፍ አልፋ አትገባም። ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ውላ መጥታ፣ ንፋሱ እያንቀጠቀጣት በረንዳው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

"ግቢ እንጂ እማዬ" አልኳት።

"ይቅርብኝ ልጄ። ባና ለብሻለሁ፤ ደግሞ እንዳላቃጥልብሽ።"

አላስቻለኝም። ወንድሜ የሠራውን አንድ ሳላስቀር ዘረገፍኩላት። ድምፄ ገበያተኛውን ሳይቀር አስቁሟል። በሱ ትናደዳለች ብዬ ስጠብቅ እሷ ትክ ብላ ያየችው እኔን ነው።

"አንቺ ይኸን ያን ቀን ታውቂ ነበር?"

"አዎ" አልኳት።

ባናዋን ሰብሰብ አድርጋ ተነሳችና ወደ ቤቷ መንገድ ጀመረች።