ጠይም ጥርስ

አብረን ያደረግነው የመጨረሻ ነገር ይህ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቴ አገጬን ይዞ ወደ መስኮቱ አዞረኝና ከንፈሬን በአውራ ጣቱ ገለጠ።

«የሙሌቱ ጠርዝ ተነሥቷል» አለ። «ሰኞ ክሊኒክ ነይ፣ አስተካክልልሻለሁ።»

ጣቱ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸት ነበር። የጥርስ መድኃኒቱ ሽታ ነው፤ ቢታጠብም አይለቀውም። እሑድ ልቡ ቆመ።

ያን ጥርስ የሞላልኝ ገና ሳንተዋወቅ ነው። የፊት ጥርሴ ተቦርቡሮ ጠቁሮ ስለነበር በሳቅሁ ቁጥር እጄ ወደ አፌ ይሄድ ነበር። ታላቅ እህቴ ልትዳር ስትል፣ በሠርጓ ላይ አፌን ሳልሸፍን መሳቅ አማረኝና ከሊሙ ገነት ጅማ፣ እሱ ወደሚሠራበት ክሊኒክ መጣሁ።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ወረፋ ጠባቂዎቹ እዚያው ክፍል ውስጥ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። እሱ መብራቱን ትቶ ለቀን ብርሃን በር ላይ አቆመኝና እንደ ጨሌ የተደረደሩ የቀለም ናሙና ጥርሶች አፌ አጠገብ ያዘ።

«በምላስሽ አርጥቢው። ጥርስ ሲደርቅ ይነጣል፣ ያታልላል።» ቆይቶ ለራሱ «ጠይም ነው» አለ።

«መልኬን ነው?»

«ጥርስሽን።»

ደሜ ፈላ። ጥርስ ወተት ይባላል እንጂ ጠይም ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

«ነጩን ያድርጉልኝ» አልኩት።

«ነጩን ካደረግሁልሽ ሰው ሁሉ እሱን ብቻ ነው የሚያየው።»

«ይየው። ለዚያው አይደል የመጣሁት።»

ጉንጫቸውን ደግፈው ተራ የሚጠብቁ ከደዶ የመጡ እናት ጣልቃ ገቡ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አንዷን ሙሽራ አድርገሽ ሌሎቹን ሚዜ ልታደርጊያቸው ነው?»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅሁ፤ እጄን ረስቼው። እሱ ግን አልሳቀም፤ አፌን እያየ ከናሙናዎቹ አንዱን በዝግታ መረጠ።

ሙሌቱን የምታደርቀው ሰማያዊ መብራት ጠፍታ መስተዋት ሲሰጠኝ የትኛው እንደተሞላ ጠፋኝ። በምላሴ ፈለግሁት።

«የቱ ነው?»

«እሱን እኔ ልወቀው» አለኝ።

ከሐዘኑ በኋላ እሱ ይሠራበት ወደነበረው ክሊኒክ ሄድኩ። በቦታው የተተካው ወጣት ሐኪም አየልኝ። «እትዬ፣ ይህ አርጅቷል። አንሥተን በአዲስ እንሙላው፤ አሁን ቀለሙ ብዙ ዓይነት ነው» አለኝ በትሕትና። ሌላ ቀን እመጣለሁ ብዬው ወጣሁ።

አልተመለስኩም። አሁን በፊት ጥርሴ አልገምጥም። ዳቦውን በእጄ እየቆረስኩ በጎን አኝካለሁ።