ከግድግዳው ማዶ የመጣ አሚን

ደረቅ መሬት ላይ ውሃ ሲረጭ የሚነሳው ሽታ ዛሬም ድንገት ሲመጣብኝ፣ የት እንደቆምኩ እረሳና ካርቱም፣ ጀሪፍ ሰፈር በነበረው ግቢያችን ውስጥ ራሴን አገኘዋለሁ። እናቴ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ባልዲዋን በግራ እጇ ይዛ፣ በቀኟ ውሃውን እየዘገነች ግቢውን ከዳር እስከ ዳር ትረጭ ነበር፤ አቧራው ብን ብሎ ይነሳና ተመልሶ ይተኛል፣ ከዚያም ያ ሽታ ይመጣል። የካርቱም ሰው ሁሉ ግቢውን የሚረጨው እንዲቀዘቅዝለት ነው፤ እኔ ግን እናቴ የምትረጨው ለእግዚአብሔር ይመስለኝ ነበር፣ ምክንያቱም ከውሃው በኋላ ሰሌን ይነጠፋል፣ ከሰሌኑ በኋላ ሰዎች ይመጣሉ፣ ሰዎቹ ሲመጡ ደግሞ መዝሙሩ ይጀመራል።

እሁድ እዚያ አገር የሥራ ቀን ስለሆነ የእኛ እሁድ ዓርብ ነበር። በአል-ማንሺያ ትልልቅ ቤቶች የሚሠሩት ሴቶች ፈቃድ የሚያገኙት በጁማ ብቻ ነውና፣ ታጥበው፣ ነጠላቸውን በቦርሳ ደብቀው ይመጡና በራችን ላይ አውጥተው ይለብሱት ነበር። ግቢያችን ጠባብ በመሆኑ ሁሉም የየራሱን ሰሌን ይዞ መጥቶ እኛ ዘንድ ያስቀምጣል። አባቴ እኔ ገና በእቅፍ ሳለሁ ስለሞተ፣ ለእኔ ዘመድ ማለት እነዚያ በሰሌን ላይ የሚቀመጡ ሰዎች ነበሩ።

የጉባኤው መሪ ጋሽ ወርቁ ነበሩ። ኦምዱርማን ፍሪጅ የሚጠግኑ፣ አውቶቡስ ቀያይረው ድልድዩን የሚሻገሩ፣ ሲደርሱ መጀመሪያ ከዚራችን፣ ከትልቁ የሸክላ ጋን፣ ቀዝቃዛ ውሃ ቀድተው ግጥም አድርገው የሚጠጡ ሰው ነበሩ። ሴቶቹ የሚያጽናና ነገር እንዲያነቡላቸው ቢለምኗቸውም እሳቸው ከነቢያት ንቅንቅ አይሉም፤ ዛፉ ተቆርጦ ስለሚቀረው ጉቶ፣ ከጉቶውም ስለሚያቆጠቁጠው ቅርንጫፍ ይነግሩናል። ከሁሉ የሚወዱት ደግሞ ኤልያስን ነበር። ነቢዩ ብቻዬን ቀረሁ ብሎ ሞቱን ሲለምን፣ ታላቁ ነፋስ ካለፈ በኋላ በቀጭን ድምፅ የመጣለትን መልስ ሲያወሩ የእሳቸውም ድምፅ ይቀጥን ነበር፤ አንተ የማታውቃቸው፣ ለጣዖት ያልተንበረከኩ ሺዎች አሉኝ የሚለውን መልስ።

«ቅሬታ ማለት እነሱ ናቸው» ይሉ ነበር ጋሽ ወርቁ፣ «ሁሉ ሲሄድ ጌታ ለራሱ ያስቀራቸው። ሰው ቆጥሮ አያገኛቸውም፤ እነሱም እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም።»

እውነቱን ለመናገር እኔ ቅሬታ መሆን ፈጽሞ አላማረኝም። በእኛ ሰፈር የሚከበረው በሊቢያ በኩል ወደ ባሕር ማዶ የሄደ ሰው ነበር፤ የቀረ ሰው ግን ወይ ልቡ የፈራ፣ ወይ ዕድሉ የጠመመ ተብሎ ከንፈር ይመጠጥለታል። እግዚአብሔር ለራሱ ሰው ሲያስቀር ለምን ከቀሩት እንደሚመርጥ አይገባኝም ነበር።

በረሃው የሚቻለው በብርዱ ወራት ነው ስለሚባል፣ ሰዎቻችን እየሄዱ የሚመናመኑት የሰሜኑ ነፋስ ሲነፍስና ጠዋት ጠዋት በብርድ ልብስ ተጠቅልለን በር ላይ ፀሐይ ስንሞቅ ነበር። ወደ ሊቢያ የሚሄድ ሰው በመጨረሻው ዓርብ ከመዝሙሩ በኋላ ሰሌኑን ይጠቀልልና ለእናቴ ያስረክባታል፣ እሷም ግንባሩን ስማ ትቀበለዋለች። ብዙ ሰው ይኼ ስንብት ይመስለው ነበር። እናቴ ግን በሚቀጥለው ዓርብ የሄዱትንም ሰሌን ከነበረበት ቦታ ላይ መልሳ ታነጥፈዋለች።

«ለማን ነው?» ብዬ ጠየቅኋት አንድ ቀን።

«ለባለቤቶቹ» አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

ሙቀቱ ሲገባ፣ ሰማዩ ከቆርቆሮ ጣሪያችን ጋር አንድ ላይ ሲግል፣ ባዶው ሰሌን ሰው ከተቀመጠበት በለጠ። ጋሽ ወርቁም በዚያው ሙቀት ታመሙና ዘመዶቻቸው መጥተው ወደ ጎንደር ወሰዷቸው፤ ሲሄዱ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ለእናቴ ትተው፣ «አለምነሽ፣ በሩን አደራ» ብቻ አሏት። የቀሩት ጥቂት ሴቶች ከሻ የሚሉት፣ ወረቀት የሌለውን ሰው የሚያፍሰው የፖሊስ መኪና በየመንገዱ ሲቆም ከማዳሞቻቸው ቤት መውጣት ፈሩ። እናቴ ታነባለች፣ ትጸልያለች፣ ከእኛ ጋር የቀረችው ጓደኛዋ ሰናይት ትዘምራለች። ሰናይት መንደሩን የሚያስደነግጥ ድምፅ ስለነበራት እናቴ ሁልጊዜ፣ «ቀስ በይ እንጂ፣ ዘይነባ ተኝታለች» እያለች ትቆጣት ነበር።

ዘይነባ ከክፍላችን የጓሮ ግድግዳ ማዶ የምትኖር የወሎ ሙስሊም ናት፤ እሷም አል-ማንሺያ የምትሠራ፣ በሳምንት አንዴ በጁማ ብቻ እንቅልፏን የምትጠግብ። እኔ እንደ አገሩ ልጆች «ኻልቶ»፣ አክስቴ፣ እላታለሁ፣ እሷም ለበዓሏ ከረሜላ አትነፍገኝም። ከጉባኤያችን ጋር ግን በእንቅልፏ ከመረበሽ በቀር የምትገናኝበት ነገር ያለ አይመስለንም ነበር።

የአቧራው ወራት ሊገባ ሲል ሰናይት ልትሄድ ነው ተባለ። እናቴን ትታ መሄድ አልሆነላትምና አንድ ማታ መጥታ ትለምናት ጀመር። «ያላ፣ ተነሽ እንጂ አለሜ! እዚህ ማን ቀረሽ? የመኖሪያ ወረቀት፣ ኢቃማ የለሽ፣ ሰው የለሽ። ከሻው አንድ ቀን አንቺን ወስዶ ልጅቷን ሜዳ ላይ ይጥላታል። እዚያ ማዶ ትምህርት ቤት ትገባለች።» እኔ አልጋ ላይ ሆኜ፣ በል ጌታዬ፣ እሺ አሰኛት እያልኩ እጸልይ ነበር። ስለ በረሃው የማውቀው ሰዎች በመኪና እንደሚሻገሩት ብቻ ነበርና፣ መስኮት በኩል እቀመጣለሁ ብዬ ወስኜ ነበር።

እናቴም፣ «ዓርብን እንይ» አለች። «እንደ ወትሮው በሩን እከፍታለሁ። ለጸሎቴ አሜን የሚል አንድ ሰው ካገኘሁ እቀራለሁ። ካላገኘሁ ግን ጌታ ራሱ በሩን ዘግቷልና፣ ልጄን ይዤ እከተልሻለሁ።»

ዓርብ ደረሰ። ሰናይት ጓዟን ልትሸክፍ ስለቀረች እኔና እናቴ ብቻችንን ነበርን። ግቢውን ረጨች፣ ሰሌኖቹን ሁሉ አነጠፈች፣ የብረቱን በር ገርበብ አድርጋ ተቀመጠች። ማንም አልመጣም። በምትኩ በሰሜን በኩል ሰማዩ ቡናማ ሆነ፤ ሀቡቡ፣ የአቧራ ማዕበሉ፣ ከመሬት እስከ ደመና እንደ ግንብ ቆሞ ቤቶቹን እየዋጠ ሲመጣ አየነውና፣ ሰሌኖቹን እየጎተትን ወደ ክፍላችን ሮጥን። እናቴ በሩን ዘግታ፣ ስንጥቁን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅጥቃ፣ ሰሌኖቹን እንደገና በክፍሉ ውስጥ አንዱን ባንዱ ላይ ደርባ አነጠፈቻቸው። ቀኑ ጨለመ። ቆርቆሮው ሊነቀል ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ጥርሴ መሃል አሸዋ ይንቀጫቀጫል።

በዚያ ጨለማ ውስጥ እናቴ ሰው የሞላበት ጉባኤ ፊት እንደምትቆም ቆመች። ዘመረች፤ ሰዎቹ የሚቀበሉበት ቦታ ላይ ስትደርስ ተቀባይ እንዳለ ሁሉ ዝም ብላ ጠብቃ ቀጠለች። ከዚያም ከነፋሱ በላይ እንዲሰማ እየጮኸች፣ የየሰሌኑን ባለቤት በስም እየጠራች ጸለየች። እናቴን የማላውቃት ሴት ሆና ታየችኝ፤ ፈራኋት፣ ግን ልሸሻት ሳይሆን ጫማዬን አውልቄ ከአጠገቧ ልሆን የሚያሰኝ ፍርሃት ነበር። አሜን ማለት እንዳለብኝ ባውቅም አፌ አልከፈት አለ። የነፋሱ ጉልበት እየበረደ ሲሄድ እሷ መጨረሻው ላይ ደረሰች።

«ለሄዱት መንገድ ሁናቸው፣ ለቀሩት ጥላ ሁናቸው» አለችና ጠበቀች።

የእናቴ ትከሻ ቀስ በቀስ ሲወርድ አየሁ።

«አሚን!» አለ ከጓሮው ግድግዳ ማዶ አንድ ድምፅ።

እናቴ ደንግጣ ግድግዳውን በሁለት እጇ ያዘችው። «ማነው? ዘይኑ?»

«እኔ ነኝ እትዬ።»

«ቀሰቀስኩሽ?»

«ኧረ ምን ቀሰቀስሽኝ! በየጁማው እላለሁ እኮ፤ ዛሬ ሰዉ ስለሌለ ተሰማብኝ እንጂ።» ትንሽ ሳቀች። «ወላሂ፣ መዝሙራችሁን አላውቀው፣ እኔም የራሴ ሰላት አለኝ። ግን በእኛ አገር ምርቃት እየወረደ ዝም ማለት ነውር ነው። የተመረቀ ነገር ያለ አሚን ሜዳ ላይ ይቀራል እንዴ?»

እናቴ ሰሌኑ ላይ ቁጭ ብላ፣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች፤ ከዚያ እያለቀሰች ትስቅ ጀመር። እንባዋ በአቧራው ላይ መንገድ አበጅቶ ነበር። ያን ዕለት ያደረብኝን መደነቅ እስካሁን የምገልጽበት ቃል አላገኘሁለትም። ያ ሁሉ ዓርብ፣ ባዶውን ሰሌን ባየን ቁጥር ልባችን ሲቆረጥ፣ ለካስ ከጀርባችን፣ እንቅልፏን እንዳንረብሽባት የምንሳቀቅላት ሴት አልጋዋ ላይ ሆና ትመልስልን ኖሯል።

በማግስቱ ሰናይት ስትመጣ እናቴ፣ «አሜን የሚል ተገኝቷል» አለቻት።

«ማን መጥቶ ነው? በዚያ ሀቡብ!»

«ዘይነባ።»

«ውይ አለሜ! እሷ እስላም አይደለችም እንዴ?»

«አሜን የሚለኝ ሰው አልኩ እንጂ መርጬ ልቀበል አላልኩም» አለች እናቴ። በዚህ ተለያዩ፤ እኔም በቀረብኝ የመስኮት ቦታ አኩርፌ ዋልኩ።

ሰናይት ከብዙ ወራት በኋላ ከባሕር ማዶ ደወለች፤ ደርሳለች። አብረዋት ከተነሱት መካከል ግን ያልደረሱ ነበሩ፣ ከእነሱም አንዷ እኔን የምታክል ልጅ የያዘች እናት እንደነበረች ስትናገር፣ ስልኩ አጠገብ ቆሜ ሰማሁ። እናቴ ስልኩን ሳትዘጋ በሌላው እጇ ወደ ራሷ ሳበችኝ።

ዝናቡ መጥቶ አባይ ሲሞላ ያ የጭቃ ግድግዳ ራሰና ሆዱን ነፋ፤ እናቴና ዘይነባ ከወዲያና ከወዲህ ሆነው እየተነጋገሩ መረጉት። በዚያው ሰሞን ነው ዘይነባ ሁለት ከአገር የመጡ ልጃገረዶች ይዛ በራችን ላይ የቆመችው። አል-ማንሺያ ከማዳሟ ጎረቤት ተቀጥረው፣ በናፍቆት ሲያለቅሱ አግኝታቸው ነው። «እንኪ እትዬ፣ እነዚህ ያንቺ ናቸው» አለችና ወደ ውስጥ ገፋ አደረገቻቸው። እናቴ የጋሽ ወርቁን ሰሌን ዘረጋችላቸው። ከዚያ በኋላ እያደር ሌሎችም መጡ፣ ሰናይትን የምታስንቅ ዘማሪም ተገኘች።

አሁን ካርቱምን ጦርነት በትኗት፣ እኔና እናቴ አዲስ አበባ ነን። የምንሄድበት ቤተ ክርስቲያን ሰው ሞልቶት ውጭ ድንኳን የተተከለለት ነው፤ ሕዝቡ አሜን ሲል ደረቴ ውስጥ ድረስ ይሰማኛል። የዘይነባ ስልክ ከጦርነቱ ወዲህ አይጠራም፣ የት እንዳለችም የነገረን የለም። እናቴ ግን ከዚያ ሁሉ አሜን በኋላ፣ ሰው ሊቀመጥ ሲንኮሻኮሽ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ ጆሮዋን ወደ ግድግዳው ዘንበል አድርጋ ትንሽ ትቆያለች። እኔም ድሮ መስኮት በኩል ልቀመጥ የቋመጥኩት ልጅ፣ ክንዷን ይዤ አብሬያት ቆሜ እጠብቃለሁ።