እኔና ጋሼ፣ ማን ይፈጥናል?

ጋሼ የምለው ታላቅ ወንድሜ በሰባት ዓመት ይበልጠኛል። እሱ ጄኔቭ፣ ለዛቫንሼ በሚባለው ሰፈር እየኖረ ታክሲ ይነዳል፤ እኔ ዙሪክ፣ አልትሽቴተን፣ አንድ መጋዘን ውስጥ ጥቅል እለያለሁ። አንድ እሑድ ደወለና ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ፣ "መቶ ዘጠና አመጣሁ" አለኝ። የደም ግፊቱ መስሎኝ ደነገጥኩ።

ነገሩ ሌላ ነበር። ስልኩ ላይ የፍጥነት መፈተኛ ጭኗል። ቀዩ ስክሪን ድንገት አረንጓዴ ሲሆን በጣት መንካት ነው፤ ስንት ሚሊሰከንድ እንደፈጀብህ ይነግርሃል። ቁጥሩ ሲያንስ ሰውየው ፈጣን ነው ማለት ነው። ታናሽ ስለሆንክ ልትበልጠኝ ይገባል፣ ሞክርና ንገረኝ ብሎ ዘጋው።

እኔ አንድ ነገር ከያዝኩ አልለቅም። አሮጌውን ላፕቶፔን ከፍቼ ሃያ ጊዜ ሞከርኩ፤ ሁሉንም ጽፌ ደመርኩና ለሃያ አካፈልኩ። ሦስት መቶ አሥር መጣ። በማግሥቱ ሦስት መቶ አሥራ አምስት። ከዚያ በኋላ ሥራ ቦታ ጥቅሎቹ ከወትሮው ፈጥነው የሚመጡ መሰለኝ። ዓይኔን ተመረመርኩ፤ ምንም የለብህም ተባልኩ። የፈረቃ አለቃዬን እጄ ዘግይቶ እንደሆነ ብጠይቀው፣ ዕረፍት ከፈለግክ ፎርም ሙላ አለኝ።

ጋሼ ደግሞ በየእሑዱ ይደውላል። መቶ ሰማንያ አምስት። መቶ ሰባ ስምንት። በሦስተኛው ሳምንት ባቡር ተሳፍሬ ጄኔቭ ሄድኩ።

ሳሎን ተቀምጦ ሲሞክር አጠገቡ ሆኜ አየሁት። ሁለት መቶ ሰባ አመጣና ቶሎ ብሎ እንደገና ጀመረ። ሦስት መቶ ሲመጣ ጣቴ ላብ ነበረው አለ። ከዚያ አረንጓዴው ሳይመጣ እየቀደመ ይነካ ጀመር፤ ስልኩ ቸኩለሃል እያለውም ይቀጥላል። በሃያ ምናምነኛው ላይ ግምቱ ገጠመለትና መቶ ሰማንያ ወጣ። ስልኩን አዙሮ አሳየኝ።

"ጋሼ፣ የሌሎቹስ?"

"እነሱ ማሟሟቂያ ናቸው።"

ሦስት ሳምንት ሙሉ የኔን አማካይ ከሱ ዕድለኛ ቁጥር ጋር ሳወዳድር ከርሜያለሁ። በሱ ስልክ ስሞክር ደግሞ የኔም በአርባ ያህል ቀነሰ። የአሮጌውን ላፕቶፔን መዘግየት እንደ ራሴ ቆጥሬው ነበር።

የወንድሜ ሚስት ጭቅጭቃችን ሰልችቷት የልጇን ማስመሪያ ይዛ ከወጥ ቤት መጣች። እሷ ከላይ ትይዛለች፤ እኛ ዜሮው ጋ ሁለት ጣታችንን ከፍተን እንጠብቃለን፤ ሳትናገር ስትለቀው የያዝንበት ሴንቲሜትር ይጻፋል፤ እዚህም ያነሰው ነው ፈጣኑ። ለሁለታችንም አንድ ማስመሪያ፣ ሦስት ሦስት ሙከራ፣ ከዚያም አማካይ።

ጋሼ የመጀመሪያውን አራት ላይ ያዘው። ሁለተኛውን አምስት ላይ። ሰው ይህን ያህል አይፈጥንም ብዬ ልብ ብዬ ሳይ፣ ዓይኑ ያለው ማስመሪያው ላይ ሳይሆን ሚስቱ ፊት ላይ ነው። ልትለቅ ስትል ከንፈሯን ትነክሳለች። ሃያ አምስት ዓመት አብሯት የኖረ ሰው ይህን እንዴት ያጣዋል? አቤቱታ አቀረብኩ፤ እሷም ሻሿን ፊቷ ላይ ጣለችና እንደገና ተጀመረ። አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ አንድ፣ ሃያ።

የኔ አሥራ ስምንትና አሥራ ሰባት ሆነ። ሦስተኛው ላይ ጋሼን አየሁት፤ የፈተና ውጤት እንደሚጠብቅ ተማሪ ሆኗል። አንጀቴን በላውና ማስመሪያው መሬት እስኪወድቅ ሳልይዘው ተውኩት።

"አውቀህ ነው" አለ።

"አመለጠኝ።"

"ከልጅነትህ ጀምሮ ስትዋሽ ጆሮህን ትነካለህ። ድገመው።"

እጄን ከጆሮዬ አወረድኩና ደገምኩት። አሥራ ስምንት።

ጋሼ ራሱ ደመረ፤ ራሱ አካፈለ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ፈተሸው። በሁለት ሴንቲሜትር ከምናምን በልጬዋለሁ። ወረቀቱን አጠፈና፣ "በሰባት ዓመት ሁለት ሴንቲሜትር ብቻ ከሆነ የቀነስኩት ምንም አይልም" አለ።

"ሻሹን ላንሳው ወይስ ገና ነው?" አለች ሚስቱ።

ከዚያ ወዲህ አማካዩን ነው የሚነግረኝ። ባለፈው ሁለት መቶ ሰባ አንድ ነበር። ቅር እያለውም ቢሆን፣ ሳይቀንስ ነገረኝ።