አንድ ተኩል ዴሲብል

እስከዚህ ሳምንት ድረስ ይህን ነገር ለማንም ተንፍሼ አላውቅም። ለባሌ አልነገርኩም። የሆዴን ሁሉ ለምዘረግፍላት እህቴም አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴ በስልክ ስናዘዝ እንኳ ሌላ ሌላውን ደርድሬ ይችን ዘልያታለሁ። እናንተ የምታነቡኝ ሰዎች ማን እንደሆናችሁ አላውቅም። ቢሆንም ቁጭ ብላችሁ ስሙኝ፤ ስጨርስ የፈለጋችሁትን ፍረዱ።

አንድ ትልቅ ሰው በገዛ ጆሯቸው ላይ እምነት እንዲያጡ አድርጌአለሁ። አውቄ ነው ያደረግሁት።

ሰብለ እባላለሁ። ሐርጌሳ የመጣሁት ባሌ በአየር መንገድ ሥራ ሲመደብ ተከትዬው ነው። አዲስ አበባ እያለሁ የድምፅ ቴክኒሺያን ነበርኩ፤ ስቱዲዮ ውስጥ አንድ ነገር ሲበላሽ "ሰብለን ጥሯት" የሚባልልኝ ሰው። እዚህ 31 ሜይ ሰፈር ቤት ተከራይተን ወራት ሙሉ የእገሌ ሚስት ብቻ ሆኜ ተቀመጥኩ። ግብዣ ላይ "አንቺስ ምን ትሠሪያለሽ?" ሲሉኝ ወሬ እቀይር ነበር። ቁጭቱ ከየት እንደመጣ እንድታውቁት ብዬ ነው የምነግራችሁ። ለጥፋቴ ምክንያት አድርጋችሁ እንዳትወስዱት፤ የተቆጨ ሰው ሁሉ አያጭበረብርም።

ኋላ አንድ ትንሽ የኢንተርኔት ሬዲዮ ጣቢያ ቀጠረኝ። ስሙን አልጠራውም፤ ጥፋቱ የኔ እንጂ የጣቢያው አይደለም። ቀኑን ሙሉ በሶማልኛ ያስተላልፋል፤ ከሰዓት በኋላ አንዷን ሰዓት ለአማርኛ ይለቃል። የአማርኛውን ሰዓት በብዛት የሚያዳምጡት ጋአን ሊባህ በሚባለው ሰፈር በየሰው ቤት የሚሠሩ የአገራችን ሴቶች ናቸው። ስልካቸውን ወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ አስደግፈው ዕቃ እያጠቡ ይሰማሉ።

የጣቢያው የድምፅ ሰው ጋሽ ወርቅነህ ነበሩ። ስድሳ ሊሞላቸው ትንሽ ቀርቷቸው ነበር። ዳሚ የሚባል ሰፈር ነው የሚኖሩት። መጀመሪያ የመጡት አዳዲስ ቤቶች ላይ የኤሌክትሪክ ገመድ ሊዘረጉ ነው፤ አንድ ቀን የጣቢያውን መብራት ሊጠግኑ ገብተው እዚያው ቀሩ። የድምፅን ሥራ ያስተማራቸው የለም፤ ራሳቸው ናቸው የተማሩት።

ነገሩ እንዳይደናገራችሁ ሥራውን ላስረዳ። የሬዲዮ ድምፅ ከማይክራፎን እንደወጣ አይለቀቅም። መሐል ላይ አንድ ሶፍትዌር አለ፤ የሚጮኸውን ዝቅ፣ የሚያንሾካሹከውን ከፍ፣ የሻከረውን ለስለስ ያደርጋል። እኛ ፕሮሰሰር እንለዋለን። ጋሽ ወርቅነህ የሚሠሩበት በነፃ የሚገኝ ነበር። እሳቸው ግን ዓመታት የፈጀ ትዕግሥት አፍስሰውበታል። ጠዋት ትንሽ ነገር ይለውጡና ከስቱዲዮ ውልቅ ይላሉ። ታክሲ ውስጥ ይገቡና ሾፌሩን ጣቢያውን እንዲከፍት ይለምኑታል። ሱቅ በር ላይ ቆመው የባለሱቋን ስልክ ያዳምጣሉ። ስክሪኑ የተሰነጠቀ፣ ድምፁ ነፍናፋ የሆነ ስልክ ካገኙማ ደስታቸው ነው። "ቃሉ ጥርት ብሎ ይሰማል ወይ?" ይላሉ። መልሱን ደብተራቸው ላይ ጽፈው ይመለሱና ደግሞ ትንሽ ይነካካሉ።

እኔ ሳቅኩባቸው። ፊት ለፊት አይደለም፤ በሆዴ። ትልልቅ ጣቢያዎች የሚጠቀሙበትን የሚሸጠውን ፕሮሰሰር አውቀዋለሁ፤ ለሙከራ አውርጄ ኮምፒውተሬ ላይ ጭኜዋለሁ። ስክሪኑ ላይ መብራቶቹ ሲጨፍሩ ማየት ራሱ ያኮራል። ሥራ አስኪያጃችን አብዲራሽድ ድሬዳዋ ያደገ ሰው ነው፤ አማርኛው ከኔ አይተናነስም። ወደዚህኛው እንቀይር ብዬ ነጋ ጠባ ጨቀጨቅኩት። በመጨረሻ ሰለቸውና "እሺ፣ አወዳድሪልን። አምስት ሰው ይስማ፤ የቱ የማን እንደሆነ አንነገር። ጆሮ ይፍረድ፣ ኢንሻአላህ" አለ። የጋሽ ወርቅነህን "ሀ"፣ የኔን "ለ" አልኳቸው፤ ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

በሙያችን አንድ ሕግ አለ። ሁለት ድምፅ ስታወዳድሩ አስቀድማችሁ ከፍታቸውን እኩል ታደርጋላችሁ። ለምን ብትሉ፣ አንደኛው በጣም ትንሽ ከፍ ካለ የሰው ጆሮ "ይሄኛው ጮኸ" አይልም፤ "ይሄኛው ጠራ፣ ይሄኛው ይሻላል" ነው የሚለው። ሊቁም ጀማሪውም እዚህ ጋ እኩል ይሞኛል። ይህን ትምህርት ቤት በመጀመሪያው ሳምንት ነው የተማርኩት።

በዋዜማው የአማርኛውን ሰዓት አቅራቢ ንግግር በሁለቱም ፕሮሰሰር አሳልፌ ቀዳሁና ብቻዬን ሆኜ በሕጉ መሠረት ሞከርኩት። ከፍታውን እኩል አደረግሁ፤ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ኮምፒውተሩ እያቀያየረ አሰማኝ። ደጋግሜ የመረጥኩት የሳቸውን ነበር። አንድ ጊዜ እንኳ የኔን አልመረጥኩም። የኔ ያብረቀርቃል እንጂ ከቃል ቃል መሐል ያለውን ትንፋሽ እየጎተተ ያመጣል፣ ጆሮ ያደክማል። የሳቸው ሰው አጠገባችሁ ተቀምጦ የሚያወራችሁ ያህል ነው። እንግዲህ ሳላውቅ አይደለም ያጠፋሁት። ሰምቼዋለሁ። አውቄዋለሁ። ከዚያ በኋላ ነው "ለ"ን በአንድ ተኩል ዴሲብል፣ ጆሮ ጩኸት ብሎ በማይለያት መጠን፣ ከፍ ያደረግሁት።

በማግስቱ ጠዋት አምስቱ ተቀመጡ፤ አብዲራሽድ፣ ሁለት የሶማልኛ አቅራቢዎች፣ የአማርኛው ሰዓት አቅራቢ አልማዝ እና ራሳቸው ጋሽ ወርቅነህ። ማዳመጫውን ከማድረጋቸው በፊት ወደኔ ዞረው፣

"ሰብልዬ፣ ከፍታውን እኩል አደረግሽው አይደል?" አሉኝ።

"አዎ ጋሼ፣ አስተካክያለሁ" አልኩ።

መለኪያው ፊት ለፊታቸው ስክሪኑ ላይ ነበር። ጎንበስ ቢሉ ያዩታል። አላዩም። የሥራ ባልደረባን ቃል በመለኪያ መፈተሽ ነውር መሰላቸው። እኔም እንደማያዩ አውቅ ነበር። እንዲህ ያለውን ጨዋነት እንደ ቀዳዳ አይቶ የሚሾልክበት ምን ዓይነት ሰው ነው? እኔ ነኝ።

ሁሉም ምርጫቸውን በብጣሽ ወረቀት ጻፉ። አብዲራሽድ እየገለጠ አነበበ። "ለ"። "ለ"። "ለ"። "ለ"። አምስተኛውም "ለ"። የቱ የማን እንደሆነ ስናገር ጋሽ ወርቅነህ ማዳመጫውን ቀስ ብለው አወለቁ።

"የራሴን ሥራ አላወቅኩትም" አሉ። ደግሞም "ጆሮዬ ሄዷል ማለት ነው" አሉና ሳቁ። ሰዉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

አብዲራሽድ ትከሻቸውን ያዝ አድርጎ "ማሻአላህ፣ በራሱ ላይ የሚፈርድ ሰው እንዲህ ነው!" አለ። በዚያች ደቂቃ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብናገር ይበቃ ነበር። "አይ፣ ተሳስቻለሁ፣ ከፍታው እኩል አልነበረም" ብል ማን ይቆጣኝ ነበር? እንደ ስህተት ያልፍ ነበር። አልተናገርኩም። በወሩ ሥራውን ሲለቁም አልተናገርኩም። አብዲራሽድ ቆዩ ብሎ ለመናቸው፤ እሳቸው "ጆሮው የከዳው ሰው ድምፅ ላይ ምን ይሠራል?" ብለው እንቢ አሉ። ያንን ደብተራቸውን ለኔ ሰጡኝ። "ይጠቅምሽ ይሆናል" አሉኝ። ተመልሰው ገመድ መዘርጋት ያዙ።

ደብተሩ ጠቀመኝ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አልማዝ መጥታ "ሴቶቹ ድምፁ ይደልቃል፣ ቃሉ ግን ይጠፋናል ይላሉ" አለችኝ። ሰው ሳያየኝ ደብተሩን ገልጬ አዲሱን ፕሮሰሰር በሳቸው ልክ ማስተካከል ጀመርኩ። ድምፁ ዳነ። አመሰገኑኝ። ምስጋናውንም በሁለት እጄ ተቀበልኩ። እንግዲህ ቦታቸውን ወሰድኩ፣ ጆሯቸውን ወሰድኩ፣ የተረፈችውን ዕውቀታቸውንም ወሰድኩ።

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። ባለፈው ሳምንት አዲስ ጣቢያ ሊከፍቱ ያሰቡ ሰዎች ደወሉልኝ። የድምፅ ክፍሉን እንድመራላቸው ፈለጉ። ማን እንደጠቆማቸው ስጠይቅ፣ መጀመሪያ የሄዱት ጋሽ ወርቅነህ ጋ እንደሆነ ነገሩኝ። እሳቸው ግን "እኔ አልሆንም፤ ልጄ ስትደውልልኝ እንኳ የሰማሁትን ስለማላምን ሚስቴን ምን አለች እላለሁ። ሰብለን ጠይቁ፤ የሷ ጆሮ የታመነ ነው" ብለዋቸዋል።

ስልኩን ዘግቼ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ፤ ከዚያ ማልቀሴ አናደደኝ። የማን እንባ ነው? ለማን ይጠቅማል? ተነስቼ ፊቴን ታጠብኩና ምን ምን እንደማደርግ ወሰንኩ።

ቅዳሜ ጠዋት አብዲራሽድ ቢሮ ገባሁ። ሁሉንም ነገርኩት፤ "ረስቼ ነው" የሚል ቃል አልጨመርኩበትም። "አስተግፊሩላህ" አለ። ቀጥሎ "ሲሄዱ እዚህ በር ላይ ቆመሽ አቅፈሽ ሸኘሻቸው እኮ" አለኝ። አዎ፣ አቅፌአቸዋለሁ። ያደረግሁትን በወረቀት ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ወረቀቱን ያን ቀን ሰምተው ለፈረዱት ሁሉ እንዲያነብላቸው ለመንኩት። እኔን ያባርረኝ አያባርረኝ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ለአዲሱ ጣቢያ ሰዎችም ደውዬ ያንኑ ነገርኳቸው፤ የምትፈልጉት ሰው እሳቸው ናቸው አልኳቸው።

ከሰዓት ዳሚ ሄድኩ። ጋሽ ወርቅነህ ግቢ ውስጥ ተቀምጠው የተበላሸ ማብሪያ ማጥፊያ ይፈታሉ። ወንበር አመጡልኝ፤ አልተቀመጥኩም። ቆሜ ተናገርኩ። ፊታቸውን አላነሱም፤ በጃቸው የያዟትን ብሎን ብቻ ያገላብጧታል። ስጨርስ ኮምፒውተሬን ከፈትኩና የዚያን ቀን ሁለቱን ቅጂዎች አወጣሁ። ከፍታውን በመለኪያው ራሳቸው እኩል አደረጉ። ማዳመጫውን ሰጠኋቸው፤ እኔ ስም ሳልጠራ አቀያየርኩ። ወዲያው እጃቸውን አነሱ፤ የመረጡት የራሳቸውን ነው። ደግሜ አቀያየርኩ። አሁንም የራሳቸውን። ሦስተኛም አራተኛም እንደዚያው።

ዓይናቸው እንባ ሞላ። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከንፈራቸው ከአቅራቢዋ እኩል እየተንቀሳቀሰ፣ እያንዳንዷን ቃል ተከተሉ። ይቅርታ ልለምን "ጋሼ" ብዬ አፌን ከፈትኩ። ዓይናቸውን ሳይገልጡ ጣታቸውን አነሱብኝ።

"ስለሱ ሌላ ቀን እናወራለን" አሉ። "አሁን ዝም በይ፤ ልስማበት።"

ዝም አልኩ። ያ ሌላ ቀን ገና አልመጣም፤ ባይመጣም የእጄን ነው ያገኘሁት።