የፈረቃ አለቃው አንድ ዓይን

በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያያል፤ ኃጢአተኛ ግን በጎን ይሣላል፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ይህን ያስተማረኝ መምህር የለም። ልጅ ሆኜ ቅዳሴው ሲረዝምብኝ ግድግዳውን እያየሁ ነው የለየሁት። ግድግዳውን የሣሉት አዛውንት ዛሬም ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ይኖራሉ። ሰውን እንደሳቸው ሰው አድርጎ የሚሥል አላየሁም።

ባለፈው ዓመት ከቅዱሳኑ ወጣ ብለው የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞችን ሣሉ። እናቴ አስራ ስምንት ዓመት ሽመና ክፍል ቆማ የተበጠሰ ክር ስትቀጥል ኖራለች፤ አሁን ጡረታ ወጥታ እግሯን ታሻለች። ፋብሪካው አላስገባ ስላላቸው ሰዓሊው እሷንና ጓደኞቿን በየቤታቸው እየሄዱ ጠየቁ። ሥዕሉ አልቆ እኔ በምሠራበት በደሴ ከተማ አዳራሽ ተሰቀለ። ሴቶቹ ሁሉ በሁለት ዓይናቸው ያያሉ፤ እናቴ መሃል ናት። ፊቷን እንደዚያ ትክ ብዬ አይቼው እንደማላውቅ የገባኝ ያኔ ነው፤ አፈርኩ። ከሴቶቹ ኋላ የፈረቃ አለቃቸው ቆሟል፣ በጎን፣ በአንድ ዓይኑ።

ደሴ ይህን ለማንበብ አስተርጓሚ አያሻውም። ወሬው በአንድ ቀን ሰኞ ገበያን አዳረሰ። ያ የፈረቃ አለቃ አሁን በየሰርጉ የክብር ወንበር የሚሳብለት ሽማግሌ ሆኗል። ሥዕሉን ላሳያት እናቴን ባመጣኋት ቀን፣ ሰዓሊውም ባሉበት፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣ።

«ከአጋንንት ደመራችሁኝ! ሁለተኛው ዓይኔ ይጨመር!» አለ።

ሰዓሊው አልተቆጡም። «ለክፋት አይደለም። መልክዎን ብጠይቃቸው ጆሮዎንና ጉንጭዎን ነው የነገሩኝ። ሲያዝዙን ዞር ብለው አያዩንም ነበር አሉኝ።»

«ማናት እንዲህ ያለችው? ትምጣ!»

እናቴ አጠገቡ ቆማለች። ሥዕሉ ላይ መሃል ናት፣ እዚህም በክንድ ርቀት ናት፤ ሰውየው አላወቃትም! አስራ ስምንት ዓመት! ደሜ ፈላ።

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ» አለች። «ጌታዬ» ማለቷ ደግሞ ይበልጥ አንገበገበኝ። ቃልሽን አንሺ ቢላት ግን፣ «ያላየሁትን ዓይን አየሁ አልልም» ብላ ነጠላዋን አጣፋች።

ሰውየው እየተንጨረጨረ ወጣ። ለማን ስልክ እንደደወለ እንጃ፤ በሦስተኛው ቀን አለቃዬ ጠርቶ «አውርደው» አለኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። በልቤ ሰውየው ላይ ያን ሁሉ ስድብ ያወረድኩት ጀግና፣ መሰላል አቁሜ ሥዕሉን በገዛ እጄ አወረድኩትና ዕቃ ቤት ከትቼ ቆለፍኩበት። ለእናቴም አልነገርኳትም።

እሑድ ሦስት የድሮ ጓደኞቿን ይዛ ከኮምቦልቻ ዳገቱን ወጣች። አንደኛዋ፣ «ወላሂ፣ እኔንም ቆንጆ አርገው ሥለውኛል አሉ!» እያለች ገና ከበሩ ትስቃለች። ገቡ። ግድግዳው ላይ ሚስማሩ ብቻ ቀርቷል።

«ማን አወረደው?» አለች እናቴ።

«ታዝዤ ነው፣ እማዬ።»

ጓደኞቿን ቀስ ብላ ወደ በሩ መለሰቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ቀረብ ብላ፣ እነሱ እንዳይሰሙ፣ «እኔ ስታዘዝ የኖርኩት አንተ እንዳትታዘዝ ብዬ ነበር እኮ» አለችኝ።