ቀጭኑ ሴራሚክ

ካይሮ አጠገብ ካለው አርድ ኤል ሊዋ ሰፈር እስከ 6ኛ ኦክቶበር ከተማ ድረስ፣ ሚክሮባስ በሚሉት ሚኒባስ ታጭቄ እየተመላለስኩ የምሠራው የወለል ሴራሚክ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ከምድጃ የወጣውን ሴራሚክ በጣቴ እያንኳኳሁ አዳምጣለሁ። ጥርት ብሎ ከጮኸ ደህና ነው፤ ድምፁ ከታፈነ ተሰንጥቋልና ይጣላል። ይህን ያስተማረችኝ አብራኝ የምትሠራው የወሎዋ እትዬ ነች፤ በፍቅር ሳይሆን በግልምጫ።

አንድ ሰሞን የአውሮፓ ገዢዎቻችን ስለ ካርቦን መጠየቅ ጀመሩ። ሴራሚኩ ሲጋገር ጭሱ ካልቀነሰ አንገዛም አሉ። ዋጋ መጨመር ደግሞ አይታሰብም፤ በርካሽ የሚሸጥ ሞልቷል። ባለቤቱ ምድጃችንን ሊዘጋ፣ እኛንም ሊያሰናብት ቆረጠ። ምድጃውን የምትመራው ግብፃዊት መሐንዲስ ግን አንድ ዕድል ለምና አገኘች። የጭቃውን ቅልቅል ለውጣ ሴራሚኩን አሳሳችው፤ በትንሽ ጋዝ ቶሎ ይበስላል። ከምድጃው በከንቱ ይወጣ በነበረው ሙቀትም እርጥቡን ማድረቅ ጀመረች። እንዲህ ያለ ጭንቅላት አይቼ አላውቅም።

እኛ ግን ጉድ ሠራናት። የመጀመሪያው ሲወጣ ብናንኳኳው ድምፁ ወፍሮ ይርገበገባል። እትዬ "ይኼማ ስንጥቅ ነው" ብላ ወረወረችው፤ እኔም ተከተልኳት። እስከ ምሳ የጣልነው ክምር ወገቤ ደረሰ።

መሐንዲሷ ክምሩን ስታይ ትጮህብናለች ብዬ ጠበቅሁ።

"ማሌሽ፣ አይዟችሁ፣ ጥፋቱ የኔ ነው" አለች። "ሲሳሳ ድምፁም ይለወጣል፤ ያዕኒ፣ ማለቴ፣ ቀድሜ ልነግራችሁ ይገባ ነበር።"

እትዬ አልተበገረችም። "ባሽሙሃንዲሳ፣ ይኼ ሰው ቤት አይግባ። ይሰበራል።"

"እሺ እህቴ፣ በጣም የጠላሽውን አንቺው ምረጪ።"

መሐንዲሷ እትዬ የመረጠችውን መጋዘኑ በር ላይ አስነጠፈችው። ሲሚንቶው እስኪጠና ጠብቃ፣ ዕቃ የተሸከመውን ፎርክሊፍት በላዩ እንዲያልፍ አዘዘች። ጎማው ሲወጣበት ዓይኔን ጨፈንኩ። እትዬ ተንበርክካ አንድ በአንድ ዳሰሰች፤ አንድም የተሰነጠቀ የለም።

"ኸላስ፣ በቃ፣ ረታሽኝ" አለች።

ከዚያ በኋላ መሐንዲሷ ከእኛ ጋር ቆማ እያንኳኳች ጆሯችንን ለአዲሱ ድምፅ አስለመደችው። ሰው ሲሳሳት እየሳቀች ታርማለች። የመጀመሪያው ጭነት ወደ አውሮፓ ሄደ። ገዢዎቹ ወደውት ሌላ እንዳዘዙ ሲነገረን ፋብሪካው በእልልታና በጭብጨባ ተናጋ። እሷ ግን አልጨፈረችም። ግድግዳ ተደግፋ መሬት ቁጭ አለችና ፊቷን ሸፍና ተንሰቀሰቀች። ያን ሁሉ ቀን እኛን ስታባብል፣ ከሁላችንም በላይ የፈራችው እሷ ኖራለች።